በዕቁብ ብሬ የተማርኩት፦ ጀርባው ክፍት ሄድፎን ስትመርጡ

ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስልኩን አምጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ትልቅ ጥቁር ሄድፎን ነው፣ ጀርባው እንደ ወንፊት የተበሳሳ። «አጎቴ ከጅዳ እየመጣ ነው፣ ይሄን ላስይዘው ነው። ሁሉም አንደኛ ነው ይላሉ» አለኝ። ክው አልኩ። ከሦስት ዓመት በፊት እኔም ልክ እንዲህ በሰው ወሬ ተነድቼ፣ ለወራት የጣልኩትን የዕቁብ ብር ለማይሆነኝ ዕቃ አውጥቼዋለሁ። «ቆይ አብሽር፣ ከማዘዝህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ» ብዬ ጀመርኩ። የምሳ ሰዓታችን አለቀ፣ ወሬው ግን አላለቀም። ለእሱ ያልጨረስኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ቤቴ ደሴ ቧንቧ ውሃ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። በየቀኑ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ እወጣለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ጠመዝማዛ ነው፣ ሚኒባሱ ያቃስታል፣ ረዳቱ ይጮኻል፣ ሾፌሩም የራሱን ዘፈን ከፍቷል። እኔ ደግሞ ያለ ሙዚቃ አልችልም። ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ ቴፕ ተዘግቶ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። እማ መንዙማ ትከፍታለች። አባቴ ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስትጫወት ከሰማ ከተቀመጠበት አይነሳም። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ ነገር ሆኖበት ቪብራፎኑን በአፉ ሲያዜም ይውላል። እኔ የሦስቱንም ወረስኩ።

መጀመሪያ የገዛሁት ጀርባው የተዘጋ፣ ቤዙ ከፍ ያለ የብሉቱዝ ሄድፎን ነበር። ላዩ ላይ የታወቀ ስም አለበት፣ ኮፒ መሆኑን ያወቅኩት ከቆየ በኋላ ነው። ቤዙ ጭንቅላቴን ሲነቀንቀው ለጥቂት ቀን ደስ አለኝ። ከዚያ አምባሰል ስከፍትበት ማሲንቆው የለም። ዘፋኟም ብርድ ልብስ ተከናንባ የምትዘፍን ነው የሚመስለው። እሷን ለመስማት ድምፁን እጨምራለሁ፣ ቤዙም አብሮ ይጨምራል፣ ሚኒባሱ ዳገቱ ላይ ማጓራት ሲጀምር ደግሞ እንደገና እጨምራለሁ። እንዲህ እያልኩ ስምንት ወር ሄድኩ።

አንድ ማታ ጋደም ብዬ ቀኝ ጆሮዬ «ጢ…» ማለት ጀመረ። ቤቱ ጸጥ ሲል ይብሳል። ለሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ መርምሮኝ ድምፁን እንድቀንስና ጆሮዬን እንዳሳርፍ ነገረኝ። ለሳምንታት ሙዚቃ ተውኩ። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ቀነሰ፣ አሁን ግን ቤቱ በጣም ጸጥ ሲል አልፎ አልፎ ይሰማኛል። ይሄን የምነግራችሁ ከሄድፎን ምርጫ ጋር ስለሚያያዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት ቢበዛ በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው። 90 ዴሲቤል ከደረሰ የሳምንቱ ድርሻ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። እኔ በሚኒባስ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ስንት ላይ እንደነበርኩ ለክቼ አላውቅም፣ ስልኬ ግን ቢጫ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣብኝ «እሺ» እያልኩ አልፈው ነበር። እናንተ አትለፉት። ጆሯችሁ ከጮኸ ደግሞ «ይተወኛል» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ጀርባው ክፍት ሄድፎን ያገኘሁት በዚያ ሰሞን ነው። አንድ ጓደኛዬ እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብርባት ጠባብ ቤት አለችው። ጠረጴዛው ላይ ኤኬጂ ኬ240 የሚባል ሄድፎን ተቀምጧል። ይሄኛው ሙሉ ለሙሉ ክፍት አይደለም፣ ግማሽ ክፍት ነው የሚባለው። «እስቲ ስማው» ብሎ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝና አንድ የማሲንቆ ቅጂ ከፈተ። ደጋኑ አቅጣጫ ሲቀይር፣ ጭራው ጭራውን ሲይዝና ሲለቅ፣ በመሀል ያለችውን ትንሽ ሻካራ ድምፅ ሰማኋት። ዘፋኟ ቃሉን ከማውጣቷ በፊት የሳበችውን ትንፋሽም ሰማሁ። ያን ዘፈን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ትንፋሹን ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ድምፁም የተከፈተው ዝቅ ብሎ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ሄድፎን ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ሲንቀጠቀጥ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ድምፅ ያወጣል። ጀርባው ከተዘጋ ወደ ኋላ የሄደው ድምፅ ከፕላስቲኩ ጋር ተላትሞ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ይታመቃል። ጀርባው ክፍት ሲሆን ግን በወንፊቱ አልፎ ይወጣል። ስለዚህ ሙዚቃው ጭንቅላታችሁ ውስጥ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ ያለ ይመስላል፣ ጆሮም አይሞቅም። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፣ የጀርመኑ ኩባንያ ዜንሃይዘር፣ ኤችዲ 414 የተባለውን ክፍት ሄድፎን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የሚከፈልበት ዋጋ ግን አለ። የታችኛው ቤዝ ይሳሳል፣ የእናንተ ሙዚቃ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የውጭው ጩኸትም ወደ እናንተ ይገባል። ይሄን የመጨረሻውን ጓደኛዬ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ልብ ያላልኩት።

ዕቁቡ ወጣልኝ። ያኔ ትልቁን ስህተት ሠራሁ። ስለ ሙዚቃዬ አንድም ጥያቄ ሳላነሳ «ምርጥ» የሚለውን ዝርዝር ፈልጌ፣ ብዙ ሰው ያመሰገነውን አንዱን የስቱዲዮ ሄድፎን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ እንድታመጣልኝ ላክሁባት። ስሙን አልጠራም፣ ጥፋቱ የዕቃው ስላልሆነ። ካርቶኑ ላይ «250 ኦም» የሚል ተጽፏል። ምን እንደሆነ አላወቅሁም፣ አልጠየቅሁምም።

ደሴ ደርሶ ስከፍተው መጀመሪያ የገጠመኝ ስልኬ ላይ የሚሰካበት ቀዳዳ አለመኖሩ ነው። አዳፕተር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አግኝቼ ስሰካው ደግሞ ድምፁ እስከ መጨረሻ ተከፍቶም ሩቅ ነው፣ ከጎረቤት ቤት እንደሚሰማ ሬዲዮ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። የስምንት ወር ዕቁብ ነው።

ኦም ማለት ሄድፎኑ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው እምቢታ ነው በሉት። ስልክ ወይም ትንሽ አዳፕተር የሚያወጣው አንድ ቮልት ገደማ ነው፣ አንዳንዱ ከዚያም ያንሳል። በአንድ ቮልት 32 ኦም ያለው ሄድፎን 31 ሚሊዋት ያህል ያገኛል። 250 ኦም ያለው የሚያገኘው ግን 4 ሚሊዋት ብቻ ነው። ስልኩ ያው፣ ዘፈኑ ያው፣ ጉልበቱ ግን በስምንት እጥፍ ይለያያል። ሁለተኛ ቁጥርም አለ፣ ሴንሲቲቪቲ የሚሉት፣ ሄድፎኑ በተሰጠው ጉልበት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚናገር። ሁለቱን አብራችሁ ካላያችሁ ትሳሳታላችሁ። ለምሳሌ ኤኬጂ ኬ702 ኦሙ 62 ብቻ ነው፣ ለስልክ ይሆናል ያሰኛል፣ ሴንሲቲቪቲው ዝቅ ያለ ስለሆነ ግን አምፕሊፋየር፣ ማለትም ጉልበት የሚጨምርለት መሣሪያ፣ ይፈልጋል።

ከዚያ ስህተቴን በሌላ ወጪ ልሸፍን ሞከርኩ። ርካሽ አምፕሊፋየር ገዛሁ። ቻርጀር ላይ ሲሰካ «እምምም» የሚል ድምፅ ያወጣል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም፣ የኛን የመብራት ነገር ደግሞ ታውቁታላችሁ። ድምፁ ከፍ አለልኝ፣ ያኔ ግን ሌላ ነገር ወጣ። ሄድፎኑ ቀጭኑን ድምፅ ያጎላል። የድሮ የካሴት ቅጂዎች ላይ ያለው «ሽሽሽ» ከዘፋኙ እኩል ይሰማል። ዘፋኟ «ስ» ወይም «ጽ» ባለች ቁጥር ጆሮዬን በመርፌ የወጋችኝ ያህል ነው። ጆሮው ቀድሞ ለተጎዳ ሰው ይሄ ከባድ ነው። ለአዲስ፣ በጥራት ለተቀዳ ሙዚቃ ይሄው ሄድፎን ድንቅ ሊሆን ይችላል። የኔ ሙዚቃ ግን አብዛኛው ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ኢንተርኔት የተገለበጠ ነው።

በዚህ ላይ የቤቱ ጉዳይ መጣ። የኔና የእማ ክፍል የሚለየው በቺፑድ ነው። እሷ ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ የምትነሳ ሰው ናት። አንድ ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ግድግዳውን ቆረቆረችና «ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ። ከማንም። ዘፈኑ በወንፊቱ እየወጣ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ በተቃራኒው ሆነ። የደሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሄድፎኑ ጆሮዬ ላይ እንዳለ እንዳልነበረ ነው፣ ዝናቡን ጥርት አድርጎ ያሰማኛል። ሚኒባስ ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ሞክሬዋለሁ። ሐረጎ አጋማሽ ሳልደርስ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ፣ አወለቅሁት።

ስለዚህ ይሄን በደንብ ያዙልኝ። ክፍት ሄድፎን የብቻ ክፍልና ጸጥ ያለ ሰዓት ላለው ሰው ነው። መንገድ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ሕፃን በተኛበት ቤት የምትሰሙ ከሆነ ገንዘባችሁን አትክሰሩ፣ ጀርባው የተዘጋ ጥሩ ሄድፎን ፈልጉ። ጓደኛዬ ሲነግረኝ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ግማሹን ብሬን አተርፍ ነበር።

በመጨረሻ ያን ሄድፎን ለዚያው ለፒያሳው ጓደኛዬ ሸጥኩለት። ከገዛሁበት አንድ ሦስተኛ ያህል ከሰርኩ። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ለሄድፎኑ በቂ ጉልበት የሚሰጥ ጥሩ ሳውንድ ካርድ ስላለው ዕቃው እሱ ቤት ነፍስ ዘራ። እስከ ዛሬ እየሠራበት ነው። ይሄኔ ነው ዕቃው መጥፎ እንዳልነበረ፣ ከእኔ ጋር እንዳልተገናኘ በደንብ የገባኝ።

ነገሩን የቀየሩልኝ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ናቸው። የአባቴን ቴፕ ለዓመታት የጠገኑ ሰው ናቸው። ያን የሚያንሾካሹክ አምፕሊፋየር ይዤላቸው ሄድኩና ታሪኩን ነገርኳቸው። መበየጃውን አስቀምጠው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡ።

«ምንድን ነው የምትሰማው?» አሉኝ።

«ሁሉንም ጋሼ።»

«ሁሉንም የሚሰማ ሰው የለም ልጄ። ማታ ደክሞህ ስትገባ መጀመሪያ የምትከፍተው ምንድን ነው?»

ዝም አልኩ። ከዚያ «የት ሆነህ?» አሉኝ። ቀጥለውም «ከምን ላይ?» በቃ፣ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳልመልስ ነበር የስምንት ወር ብር ያወጣሁት። «ሂድና አምስት ዘፈን ጽፈህ ና። ለሰው የምታሳየውን ሳይሆን የምትሰማውን» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ብዙ ጊዜ የተጫወቱትን አየሁ። ደነቀኝ። ለሰው የማወራው ስለ ጃዝ ነው፣ ስልኬ ላይ ግን ከአምስቱ ሦስቱ የሴት ድምፅ ከማሲንቆ ወይም ከክራር ጋር ናቸው። አንዱ መንዙማ ነው። ጃዝ አንድ ብቻ። እናንተም አሁኑኑ አድርጉት፣ ወጪ የለውም። ዝርዝራችሁ ከምታስቡት ይለያል።

እንግዲህ ሙዚቃው ምን እንደሚፈልግ እንየው። የአምባሰልና የባቲ ዜማ ነፍሱ መሀል ላይ ነው፣ ሚድ በሚሉት። የሴት ድምፅ፣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ሁሉም እዚያ ይኖራሉ። ስለዚህ ሚዱ ወደ ኋላ ያልተገፋ፣ ቀጭኑ ድምፅ የማይወጋ ሄድፎን ያስፈልጋችኋል። መንዙማ ሌላ ነው። አንድ ሰው ያወጣል፣ ብዙ ሰው ይቀበላል፣ ጭብጨባ አለ፣ ድቤ አለ። እዚህ ላይ የክፍት ሄድፎን ስፋት ወርቅ ነው፣ ተቀባዮቹ በግራና በቀኝ ተዘርግተው ይሰማሉ፣ ከኋላ ያለውን ሽማግሌ ድምፅ ለይታችሁ ታወጡታላችሁ። ድቤው ግን ትንሽ ይቀልላል። የእኛ ጃዝ ቪብራፎንና የትንፋሽ መሣሪያ ስላለው ቀጭኑም መሀሉም እኩል መገኘት አለበት፣ በተለይ ሳክስፎን ጠንከር ሲል የሚጮህ ሄድፎን ያደክማል። ጭፈራ የምትወዱ፣ ከበሮውና ቤዙ ደረት እንዲመታ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ክፍቱ እንደሚያሳዝናችሁ በግልጽ ልንገራችሁ። ብዙዎቹ ክፍት ሄድፎኖች ከታች ያለውን ጥልቅ ቤዝ ቀስ አድርገው ነው የሚያወጡት።

አሁን ስም ልጥራ፣ ያለ ስም ምክር አይጠቅምምና። ብሩ ላነሰው ኮስ ፖርታ ፕሮ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚሸጥ ትንሽ፣ የሚታጠፍ፣ ጆሮ ላይ የሚያርፍ ነው። ኦሙ 60 ነው፣ ከስልክ ጋር ይግባባል፣ ድምፁ ሞቅ ያለ ነው። ቀጥሎ ፊሊፕስ ኤስኤችፒ 9500። 32 ኦም፣ ገመዱ ይነቀላል፣ ሰፊ ድምፅ አለው፣ ቤዝ ላይ ግን ቀለል ይላል። ዜንሃይዘር ኤችዲ 599 ኦሙ 50 ነው፣ ለድምፃዊ ያደላል፣ ቀጭኑን አይጮኽበትም። ኤችዲ 560ኤስ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው፣ 120 ኦም። ዝርዝር ለሚወድ፣ እያንዳንዱን መሣሪያ ለይቶ መስማት ለሚፈልግ ጥሩ ነው፣ የድሮ ቅጂ ላይ ግን ጉድለቱንም አብሮ ያሳያል።

ኤችዲ 600 እና ኤችዲ 650ን ሰዎች ሲያመሰግኑ ትሰማላችሁ፣ ምስጋናው ይገባቸዋል። ኤችዲ 600 እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ አለ፣ የሰው ድምፅ ላይ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ሁለቱም ግን 300 ኦም ናቸው። የእኔ 250 ምን እንዳደረገኝ አይታችኋል። አምፕሊፋየሩን በበጀታችሁ ውስጥ ካላስገባችሁ አትንኳቸው። ሃይፋይማን ኤችኢ400ኤስኢ ደግሞ ፕላናር የሚባለው፣ ድምፅ የሚያወጣው ሽፋኑ ዝርግ የሆነ ዓይነት ነው፣ ቤዙ ከሌሎቹ ክፍቶች ይልቅ ወደ ታች ይወርዳል፣ ለመንዙማው ድቤ አስቤው ነበር። ኦሙ ትንሽ ነው ግን ሴንሲቲቪቲው 91 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ስለሆነ እሱም ጉልበት ይጠይቃል። ግራዶ ኤስአር80 በጊታር ወዳጆች ዘንድ የታወቀ ነው፣ ገመድ ሲመታ ፊት ለፊት ያመጣዋል፣ ጆሮን የሚከብ ሳይሆን ላዩ ላይ የሚያርፍ ስለሆነ ግን ለረጅም ሰዓት ሁሉም ሰው አይመቸውም።

እኔ ኤችዲ 599ን መረጥኩ። ያገለገለ ነው፣ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ሲሸጥ አገኘሁት። ዝም ብዬ አልገዛሁም። ለሥራ አዲስ አበባ ስሄድ ቀጠሮ ይዤ አምስቱን ዘፈኖች ስልኬ ላይ አውርጄ ሄድኩ። መጀመሪያ ግራና ቀኙን ለየብቻ ሰማሁ፣ ገመዱን መግቢያው ላይ እያንቀሳቀስኩ ድምፁ ይቆራረጥ እንደሆነ አየሁ፣ ስፖንጁን ተጫንኩ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ከፈትኩ። ይሄ ወሳኝ ነው። ከፍ ባለ ድምፅ ሁሉም ሄድፎን ጥሩ ይመስላል፣ በዝቅተኛ ድምፅ ዘፋኟን ያልደበቀ ነው የሚፈለገው። «ስ» የበዛበትን ዘፈን ሁለቴ ደገምኩት። አልወጋኝም። ካፌው ውስጥ አንድ ሙሉ ሰዓት አጥልቄው ተቀመጥኩ፣ ልጁ ታግሶኛል፣ አላህ ይስጠው። ጭንቅላቴን አልጫነኝም፣ መነጽሬም አልቆረቆረኝ።

ብር ላይ የምመክረው አንድ ነገር አለ። የሄድፎኑን ዋጋ ብቻ አትደምሩ። ስልካችሁ ቀዳዳ ከሌለው አዳፕተሩን፣ ካስፈለገ አምፕሊፋየሩን፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ የሚላላውን ስፖንጅ፣ ከውጭ ከሆነ ማስመጫውን ጻፉ። እኔ አሁን ከመቶው ብር 70ውን ብቻ ለሄድፎኑ መድቤ ሌላውን ለእነዚህ አስቀምጣለሁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሬው ነገር ስለተለወጠ፣ ዘመድ «ባለፈው በዚህ ዋጋ ነው የመጣው» ቢላችሁ በዚያን ዕለት ምንዛሬ እንደገና አስሉት።

ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ለሚያመጣላችሁ ሰው ሙሉውን ስምና ቁጥር ጽፋችሁ ላኩ። አንዱ ሞዴል በተለያየ ኦም ሊሸጥ ይችላል፣ አንዲት ቁጥር ብትሳሳቱ የእኔ ዕጣ ይደርሳችኋል። እዚያው ሳለ እንዲከፍተውና ሁለቱም ጎን መሥራቱን እንዲሰማ ለምኑት፣ ደሴ ከደረሰ በኋላ መልሶ የሚወስድላችሁ የለም። እዚህ ሱቅ ስትገዙ ደግሞ የታወቀ ስም ተጽፎበት ዋጋው በጣም ከወረደ ተጠራጠሩ። ወንፊቱን ወደ አምፖል አንሥታችሁ እዩት። የእውነተኛው ክፍት ሄድፎን ቀዳዳ ብርሃን ያሳልፋል፣ ኮፒው ላይ ግን ወንፊቱ ጌጥ ብቻ ሆኖ ከኋላው ድፍን ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ከማዳበሪያ ጆንያ ጎን የተሰቀለ እንዲህ ያለ አንድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከገዛችሁ በኋላ አቧራ ጠላታችሁ ነው፣ ጀርባው ክፍት ስለሆነ ቀጥታ ይገባል። እኔ ማታ ስጨርስ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስገባዋለሁ። ኮምቦልቻ የምትኖሩ ሙቀቱም አቧራውም ስለሚበዛ ይሄን አትርሱ። ስፖንጁን በውኃ አትዝፈቁት፣ በረጠበ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት፣ ይደርቅ።

አሁን የምሰማው ማታ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ነው፣ እማ ከመተኛቷ በፊት። ድምፁ ከግማሽ አያልፍም። አንድ ሐሙስ ማታ መንዙማ ከፍቼ ሳለ ቡና ይዛልኝ ገባች። «እስቲ እኔንም አሰማኝ» አለችኝ። ሻሿን አስተካክላ አደረገችው። ስኒውን እንደያዘች ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ማዶ ተቀምጬ በወንፊቱ ከሚወጣው ቀጭን ድምፅ የቱ ጋ እንደደረሰች አውቃለሁ። ተቀባዮቹ ሲነሡ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሲያልቅ አውልቃ «እኚህ ከኋላ ያሉት ሽማግሌ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» አለችኝ። ቡናው ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሄድፎኑ የእሷ ነው።

ባልደረባዬን ሦስቱን ጥያቄዎች ጠየቅሁት። ምን ትሰማለህ? የጭፈራ ዘፈን፣ ቤዙ ከፍ ያለ። የት? ሚኒባስ ውስጥና ዶርም፣ ለሦስት ነው የሚኖሩት። ከምን ላይ? ከስልክ። በማግስቱ አምስት ዘፈኖቹን አምጥቶ የኔን ሄድፎን አጥልቆ ሰማ። ሁለተኛው ላይ አወለቀና «ከበሮው የታለ?» አለኝ። ለአጎቱ አሁን የላከው የተዘጋ ሄድፎን ሙሉ ስምና ቁጥር ነው፣ እኔው አጠገቡ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አይቼለታለሁ።